«እማዬ፣ እዚህ ጋ አማርኛ አትናገሪ»

ለተከበሩ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከባለቤቴና ከ11 ዓመት ልጄ ጋር የምኖር፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ በረዳት አስታማሚነት የምሠራ ሴት ነኝ። ወደዚህ አገር ስንመጣ ልጃችን ገና አፉን እየፈታ ነበር።

ከሁለት ወር በፊት ከልጄ ጋር ሱፐርማርኬት ገብተን ወረፋ ስንጠብቅ ደሴ ያለችው እናቴ ደወለች። ሰሞኑን ታማ ስለነበር ሳላነሣ ማለፍ አልቻልኩም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስድ እንደሆነ እየጠየቅኋት ሳለ ከኋላችን የቆመ ሰው «እዚህ አሜሪካ ነው፤ እንግሊዝኛ ተናገሪ፤ ካልሆነ ወደ መጣሽበት ተመለሺ» አለኝ። ክው ብዬ ቀረሁ። ልጄ በእጁ የያዘውን ወተት ቀስ አድርጎ ጋሪው ውስጥ አስቀመጠና ወደ ሰውየው ዞሮ በእንግሊዝኛ «ይቅርታ» አለው። እናቴ «ምነው ዝም አልሽ?» እያለች ስልኩን ዘጋሁባት። ያ ይቅርታ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት ሳደርሰው፣ ከመኪናው ከመውረዱ በፊት «እማዬ፣ እዚህ ጋ አማርኛ አትናገሪ» ይለኛል። ቤት ውስጥም በአማርኛ ሳናግረው በእንግሊዝኛ ይመልስልኛል። የእኔ እንግሊዝኛ ለሥራዬ ያህል ይበቃኛል፤ ሐኪም ቤት ስሄድ ግን ስለሚከብደኝ እሱን ይዤ እሄዳለሁ። ባለፈው ማሕፀኔ ውስጥ ስለ ተገኘው እጢ ሐኪሟ የነገረችኝን ያስተረጎመልኝ እሱ ነው። አሁን ግን አብሮኝ መሄዱን ጠልቷል።

በዚህ ላይ የሥራ አለቃችን፣ በምሳ ሰዓት ከአንዲት የአገሬ ልጅ ጋር በዕረፍት ክፍል አማርኛ ስናወራ ሰምታ «በዚህ ሕንፃ ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚነገረው» አለችን። ባለቤቴ ደግሞ «እንግሊዝኛ የአገሪቱ ቋንቋ መሆኑ በትእዛዝ ታውጇል፤ ከእንግዲህ ቤታችንም ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ ይሁን፤ ልጁን ለመሳቂያ አንስጠው» ይላል። እሱ የወላይታ ልጅ ነው፤ አማርኛን የለመደው በልጅነቱ አጎቱ ዘንድ አዲስ አበባ መጥቶ ሲማር ሲሆን፣ ልጆች በአነጋገሩ ይስቁበት እንደነበር አንድ ጊዜ ነግሮኛል።

አማርኛውን ብንተወው እናቴ ከልጅ ልጇ ጋር በምን ትግባባለች? ባንተወው ደግሞ ልጄን እየጎዳሁት ይሆን? እባክዎን ይምከሩኝ።

እ. ነኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ከሰውየው ዘለፋ ይልቅ የልጅሽ ይቅርታ ላይ ቆየሁ። ልጅሽ በአንቺ አፍሮ ይቅርታ የጠየቀ መስሎሽ ከሆነ፣ እኔ እንደዚያ አልተረዳሁትም። የ11 ዓመት ልጅ፣ አንድ ጎልማሳ ሰው እናቱን በሰው መካከል ሲያዋርዳት አየ። ሰውየውን ሊጣላው አቅም የለውም፤ አንቺን ትቶ ሊሄድም አይችልም። በእጁ የነበረው ነገር ሰውየው የፈለገው ቋንቋ ብቻ ነበርና በዚያ ነገሩን አበረደው። ትምህርት ቤት በር ላይ «አማርኛ አትናገሪ» የሚልሽም ያ ቀን እንዳይደገምብሽ እየተጠነቀቀ ይመስለኛል። ልጅሽ ራሱን የአንቺ ጠባቂ አድርጎ ሾሟል፤ ሸክሙ ግን ለዕድሜው ይከብዳል።

ስለዚያ ቀን ከእሱ ጋር ተነጋግራችሁ ታውቃላችሁ? በደብዳቤሽ ውስጥ ስላላየሁት ነው የምጠይቅሽ። ካልተነጋገራችሁ፣ ፊት ለፊት አስቀምጠሽ ከመጠየቅ ይልቅ መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ስትሆኑ ብታነሺለት ይቀለዋል። በመጀመሪያ ያን ቀን ምን እንደተሰማው ጠይቂው፤ በእንግሊዝኛ ቢመልስልሽም ሳታርሚው እስከ መጨረሻው ስሚው። ከዚያ በኋላ፣ ያ ሰው ያደረገው ነገር ልክ እንዳልነበረ፣ አንቺ ከታመመች እናትሽ ጋር በመነጋገርሽ ምንም ጥፋት እንዳልሠራሽ፣ እሱም ስለ አንቺ ይቅርታ መጠየቅ እንደማይገባው በግልጽ ንገሪው። «አንተን የምጠብቅህ እኔ ነኝ፤ እኔን መጠበቅ ያንተ ሥራ አይደለም» የሚለውን ከአፍሽ መስማት ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለ ነገር ልጅ ዘንድ ሳይነገር ከቆየ፣ ልጁ የራሱን ምክንያት ይፈጥርለታል፤ ያ ምክንያት ደግሞ ብዙ ጊዜ «ጥፋቱ የእኛ ነው» የሚል ነው።

የትምህርት ቤቱን በር በተመለከተ፣ ለጊዜው የፈለገውን ብትፈቅጂለት እመርጣለሁ። በጓደኞቹ ፊት እንዴት መታየት እንደሚፈልግ እየለየ ያለ ልጅ ነውና እዚያ ቦታ ላይ በምልክት ወይም በእንግሊዝኛ ብትሰናበቺው ከአንቺ የሚጎድል ነገር የለም። በአንጻሩ ቤት ውስጥና ከአያቱ ጋር አማርኛው እንደሚቀጥል አብራችሁ ተስማሙ። በእንግሊዝኛ ሲመልስልሽ አትቆጪው፤ አንቺ ግን በአማርኛሽ ቀጥዪ። የሚሰማውን ቋንቋ አይረሳም፤ መናገሩም፣ የሚያናግረው ሰው ሲኖረው፣ ሊመለስለት ይችላል።

ሐኪም ቤቱን ግን ዛሬውኑ ብታስተካክዪው እወዳለሁ። ስለ እናቱ ማሕፀን እጢ የሰማ ልጅ የሰማውን ብቻውን ይዞ ነው የሚያድረው፤ አንዳንዱን ቃል ሳይረዳው፣ አንዳንዱን ደግሞ አንቺ እንዳትደነግጪ ሳይነግርሽ ሊያልፍ ይችላል። ልጁ አብሮሽ መሄድ የጠላው አማርኛውን ስለጠላ ሳይሆን ፈርቶ ሊሆን እንደሚችልም አስቢበት። እንደ እውነቱ ከሆነ ይህ ከእሱ ፈጽሞ የሚጠበቅ አልነበረም፤ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም የሕክምና ተቋም፣ እንግሊዝኛ ለሚቸግረው ሕመምተኛ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ለአቅመ አዳም ያልደረሰን ልጅ ማስተርጎምም አይፈቀድለትም። የሚጠበቅብሽ ለቀጠሮ ስትደውዪ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብለሽ በፋይልሽ ላይ እንዲመዘገብ ማድረግ ነው። አስተርጓሚው በአብዛኛው በስልክ ወይም በቪዲዮ የሚቀርብ ባለሙያ ነው። ልጅሽን «ከእንግዲህ ለእኔ ሐኪም ቤት አታስተረጉምም» ስትዪው የሚሰማውን እፎይታ ፊቱ ላይ ታዪዋለሽ ብዬ አምናለሁ። ስለ እጢው የሰማውም ነገር አስፈርቶት እንደሆነ ጠይቂው፤ የሕክምናሽ ሁኔታ ምን ላይ እንዳለ በልክ አስረጂው።

ባለቤትሽ ስለሚለው ትእዛዝ ደግሞ፣ ወሬው ከእውነቱ ቀድሞ ብዙ ሰው አስደንግጧልና ነገሩን እንዳለ ልንገርሽ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 2025 በፈረሙት ትእዛዝ እንግሊዝኛ የአሜሪካ ይፋዊ ቋንቋ ተብሏል፤ በ2000 በፕሬዚዳንት ክሊንተን ዘመን ወጥቶ የነበረውና የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለሚቸግራቸው ሰዎች አገልግሎታቸውን እንዲያመቻቹ ያዝዝ የነበረው መመሪያም ተሽሯል። ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም፤ በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች የትርጉም አገልግሎት እንዲቀንስ በር ይከፍታል። ነገር ግን ትእዛዙ የተጻፈው ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነው፤ እነሱንም ቢሆን የሚሰጡትን አገልግሎት እንዲያቆሙ አያስገድድም። ሰው በቤቱ፣ በስልኩ፣ በገበያ ወይም በቤተ ክርስቲያን በምን ቋንቋ እንደሚነጋገር የሚደነግገው አንዳች ነገር የለም። በትውልድ አገር ምክንያት አድልዎ እንዳይደረግ የሚከለክለው የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግም በምክር ቤት የወጣ በመሆኑ በፕሬዚዳንት ትእዛዝ አይሻርም።

በስልክ ስትነጋገሪ የደረሰብሽን ሳነብ አንድ የቆየ ታሪክ ትዝ አለኝ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በግንቦት 1918፣ የአዮዋ ግዛት ገዥ የነበሩት ዊልያም ሃርዲንግ በትምህርት ቤት፣ በአደባባይ፣ በባቡር፣ በስልክ ጭምር ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ እንዳይነገር አዋጅ አውጥተው ነበር። አዋጁ የተነጣጠረው በጀርመንኛ ቢሆንም ዴንማርካውያን፣ ኖርዌያውያንና ቼኮችም በስልክ ከዘመዶቻቸው ጋር በቋንቋቸው እንዳይነጋገሩ ተከለከሉ። በጎረቤቷ ነብራስካ ደግሞ በ1919 ሕፃናትን የውጭ ቋንቋ ማስተማር በሕግ ተከልክሎ፣ ሮበርት ሜየር የተባለ መምህር አንድን የ10 ዓመት ልጅ በጀርመንኛ ንባብ በማስተማሩ 25 ዶላር ተቀጣ። ሜየር ቅጣቱን አልቀበልም ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ፍርድ ቤቱም በ1923 ሕጉን ሽሮ፣ የሕገ መንግሥቱ ጥበቃ በእንግሊዝኛ አፋቸውን ለፈቱትም ሌላ ቋንቋ ለሚናገሩትም እኩል እንደሆነ ወሰነ። ሱፐርማርኬት ውስጥ ያንን ቃል የተናገረሽ ሰው ያኔ በቋንቋቸው እንዳይናገሩ የተከለከሉት የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጅ ልጅ የማይሆንበት ምክንያት የለም፤ ለልጅሽም ይህን ታሪክ ብትነግሪው፣ በእናቱ ላይ የደረሰው ነገር ከእሷ ጥፋት የመጣ እንዳልሆነ ይረዳል።

ያ ሰው የአገሩን ሰው ሁሉ ወክሎ የተናገረም አይምሰልሽ። ፒው የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት፣ በአደባባይ ሌላ ቋንቋ ሲነገር መስማት ብዙም እንደማይረብሻቸው ወይም ከነጭራሹ እንደማይረብሻቸው የተናገሩት አሜሪካውያን ከመቶ 70 ያህል ነበሩ። ይኸው ማዕከል ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ2016 ሲጠይቅ፣ ከመቶ 70 ያህሉ እውነተኛ አሜሪካዊ ለመሆን እንግሊዝኛ መቻል በጣም አስፈላጊ ነው ሲሉ፣ እዚሁ መወለድ በጣም አስፈላጊ ነው ያሉት ግን 32 ያህል ብቻ ነበሩ። እነዚህን ሁለት መልሶች አብረሽ እያቸው። አብዛኛው ሰው ከመጤው የሚጠብቀው እንግሊዝኛ እንዲችል ነው እንጂ የራሱን ቋንቋ እንዲረሳ አይደለም። የትውልድ ቦታሽን ልትለውጪው አትችዪም፤ እንግሊዝኛውን ግን ልታሻሽዪው ትችያለሽ፤ ለዚያም ብለሽ ከእናትሽ ጋር የምታወሪበትን ቋንቋ የምትከፍዪበት ምክንያት የለም። በደረሰብሽ ዘለፋ የተነሣ ሁለቱ ነገሮች እንደ አንድ ታስረውብሻል፤ የቤታችሁም ክርክር ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

እንግሊዝኛሽን አጠናክሪ የምልሽ ያንን ሰው ደስ ለማሰኘት አይደለም፤ ከሐኪምሽ፣ ከልጅሽ መምህርና ከአለቃሽ ጋር ያለ ረዳት መነጋገር መቻል ለራስሽ ትልቅ ነጻነት ስለሆነ ነው። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ለአዋቂዎች የእንግሊዝኛ ትምህርት ይሰጣል፤ በካውንቲው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም ያለ ክፍያ ተሰባስቦ እንግሊዝኛ የሚለማመዱባቸው ክበቦች አሉ። ባለቤትሽ አብሮሽ ቢሄድ «እንግሊዝኛ እንማር» የሚለው ሐሳቡም ትክክለኛ ቦታውን ያገኛል።

አሁን ወደ እሱ ልምጣ፤ በደብዳቤሽ ውስጥ እንደ ዋዛ ያነሣሽው፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የበለጠ የነገረኝ ስለ እሱ ልጅነት የጻፍሽው ነው። ባለቤትሽ «ልጁን ለመሳቂያ አንስጠው» ሲል የሚያየው አሜሪካን ብቻ አይመስለኝም። ከወላይታ መጥቶ አዲስ አበባ ክፍል ውስጥ የተቀመጠውን፣ አፉን በከፈተ ቁጥር የሚሳቅበትን ሕፃን ጭምር ያያል። ያ ሕፃን የተማረው ነገር ቢኖር፣ የእናቱን ቋንቋ ከአንደበቱ አጥቦ የሌሎቹን አጥርቶ ካልተናገረ ሰላም እንደማያገኝ ነው። ለእሱ ያ መንገድ አድኖታል፤ ለልጁም የሚመኝለት ያንኑ ነው። ይህን ስጽፍ አፋችንን በአማርኛ የፈታን ብዙዎቻችን በሰው አነጋገር ስቀን ወይም ሲሳቅ ዝም ብለን እንደምናውቅ አስባለሁ፤ ዛሬ በባዕድ አገር የሚያንገበግበን ነገር፣ በገዛ ክፍላችን ውስጥ አብረውን በተቀመጡ ልጆች ላይ ይደርስ ነበር።

ስለዚህ ከባለቤትሽ ጋር ስትነጋገሪ የቋንቋውን ጉዳይ ለመርታት አትነሺ። በመጀመሪያ ስለ ራሱ ጠይቂው። ምን እያሉ ነበር የሚስቁበት? መምህሩ ምን አለ? ማታ ሲገባ ለአጎቱ ይነግረው ነበር? ከእናቱ ጋር በወላይትኛ ሲነጋገር ዛሬስ ምን ይሰማዋል? አንድ ጊዜ ብቻ የነገረሽን ነገር ሙሉውን ለመስማት ጊዜ ስጪው። ሲጨርስ ደግሞ ልጃችሁ ከአባቱ ቋንቋ ስንት ቃል እንደሚያውቅ አብራችሁ አስቡ። ደፍሬ ልናገርና፣ ቤታችሁ ውስጥ ቀድሞ ዝም ያለው ቋንቋ የእሱ ነው፤ አማርኛው እንዲጠበቅ ስትጠይቂው ወላይትኛውም ቦታ እንዲያገኝ ብትጋብዢው ጥያቄሽ ፍትሐዊ ይሆናል። ከአባቱ እናት ጋር በወላይትኛ ሰላምታ የሚለዋወጥ፣ ከደሴዋ አያቱ ጋር በአማርኛ የሚጫወት ልጅ በእንግሊዝኛው የሚጎዳ ከመሰለው፣ ትምህርት ቤቱን ጠይቁ፤ መምህራኑ የቤት ቋንቋው እንግሊዝኛውን እንደማያሰናክለው ይነግሯችኋል። እንዲያውም በሜሪላንድ ሁለት ቋንቋ አጥርተው የሚያውቁ ተማሪዎች ሁለተኛ ደረጃ ሲያጠናቅቁ በዲፕሎማቸው ላይ ይፋዊ ዕውቅና የሚያገኙበት አሠራር አለ።

ለባለቤትሽ ልትነግሪው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። አንቺ በእንግሊዝኛ የምትናገሪው ለሥራ ያህል ከሆነ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ የምታሳድጊው ልጅ የሚያገኘው የአንቺን ጥቂቱን ብቻ ነው። ዛሬ «ብላ፣ ተነሣ፣ የቤት ሥራህን ጨርስ» ለማለት ይበቃ ይሆናል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ልጁ የጎረምሳ ጭንቀት ይዞ ሲመጣ ግን የምታጽናኚው፣ የምትገሥጪው፣ የምታባብዪው ሙሉ አንደበት ባለሽ ቋንቋ መሆን አለበት። ያን ጊዜ አዲስ መጀመር ይከብዳል።

የሥራ ቦታሽን ጉዳይ በእርጋታ ያዢው። ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንድን አረጋዊ ስታጥቡ ወይም ስትመግቡ በራሱ ላይ አማርኛ ብታወሩ፣ ስለ እሱ የምታወሩ ሊመስለውና ሊጨነቅ ይችላል፤ እዚያ ላይ እንግሊዝኛ እንድትናገሩ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ቢጠየቅም ባይጠየቅም ለሰውየው ክብር ሲባል ሊደረግ ይገባል። የምሳ ሰዓት ግን ሌላ ነው። የፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን በ1980 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ አሠሪ በሥራው ምክንያት የግድ ሲሆን በተወሰነ ጊዜና ቦታ እንግሊዝኛ ብቻ ይነገር ሊል ይችላል፤ የዕረፍት ሰዓትን ጨምሮ ሁልጊዜ እንግሊዝኛ ብቻ የሚል ደንብ ግን በትውልድ አገር ምክንያት የተደረገ አድልዎ እንደሆነ ይገመታል። ፍርድ ቤቶች ሁሉ ይህን መመሪያ በአንድ ዓይን ስለማያዩት ወደ ክስ ከመሮጥ በፊት ነገሩን ማጥራት ይሻላል። አለቃሽ በቃል የተናገረችው የራሷ ስሜት ይሁን የመጦሪያው ደንብ እስካሁን አታውቂም።

በሚቀጥለው ጊዜ በገበያ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ቢገጥምሽ፣ መልስ የመስጠት ግዴታ የለብሽም። መመለስ ከፈለግሽ ግን በእንግሊዝኛ «ከእናቴ ጋር እየተነጋገርኩ ነው» ብለሽ ፊትሽን አዙረሽ ወሬሽን ቀጥዪ። ቃሉን አስቀድመሽ ቤት ተለማመጂው፤ ሰው ሲደነግጥ የሚያውቀውም ይጠፋዋል። ሰውየው ከተከተለሽ ወይም ከዛተብሽ ወደ ሱቁ ሠራተኞች ሂጂ፤ ካስፈለገም 911 ደውዪ። ልጅሽም በዚያ ጊዜ የእሱ ድርሻ ከአንቺ አጠገብ መቆም ብቻ እንደሆነ ይወቅ። እናትሽ ያን ቀን ስልኩ ለምን እንደተዘጋባት ነግረሻታል? ካልነገርሻት እስካሁን በሆነ ነገር ያስቀየመችሽ መስሏት ይሆናልና ደውለሽ አስረጃት።

ከሁሉ አስቀድመሽ ለሐኪም ቤቱ ደውዪ፤ ቀላሉ እሱ ነው፤ ለልጅሽም ፈጥኖ የሚደርስለት እሱ ነው። ከልጅሽና ከባለቤትሽ ጋር የምታደርጊው ንግግር ረጋ ብላችሁ ቤት የምትውሉበትን ቀን ይጠብቅ። ለአለቃሽ ከባልደረባሽ ጋር ሆናችሁ አጭርና ትሑት ደብዳቤ በኢሜይል ጻፉላት፤ የሰማችሁት ቃል በየትኛው ቀን እንደተነገረ ጥቀሱና ደንቡ የዕረፍት ሰዓትንም ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ እንድታሳውቃችሁ ጠይቋት፤ ግልባጩን በግል ኢሜይላችሁ አስቀሩ። መልሷ «አዎን፣ ሁልጊዜ» ከሆነ፣ ወይም ስለጠየቃችሁ ብቻ የሥራ ሰዓታችሁ ከተቀነሰ፣ ለኮሚሽኑ አቤት የምትሉበት ጊዜ የተወሰነ ስለሆነ ሳትዘገዩ፣ ቢበዛ በ180 ቀን ውስጥ፣ የሠራተኛ ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ ወይም ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅት አማክሩ።